ሰሙና ስሙ፦ ስለ አንድ የጧፍ ንግድ ዕቅድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ዓመት የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች አንዷ የእሑዱ መርሐ ግብር ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ቀርታ አንድ ደብተር ዘረጋችልኝ። የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። የመዝሙር ጥናት ወይም ለጉባኤ ያዘጋጀችው ጽሑፍ መስሎኝ ነበር። ደብተሩ የያዘው ግን የንግድ ዕቅድ ነው፤ በሠንጠረዥ የተከፋፈለ፣ ወጪው በቀይ ገቢው በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ። ርእሱም «ንጹሕ የሰም ጧፍ ማምረቻ» ይላል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከሚወስዷቸው የጋራ ትምህርቶች አንዱ ኢንተርፕረነርሺፕ የተባለው የሥራ ፈጠራ ትምህርት ነው። ተማሪው ወደፊት ሐኪም ይሁን መሐንዲስ፣ የንግድ ሐሳብ አመንጭቶ፣ በጽሑፍ አደራጅቶ፣ በክፍል ፊት ቆሞ ያስረዳል። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተመራቂው ብዙ ነው፤ ቀጣሪው ጥቂት ነው። በከተማችን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣቶችን ቢቀጥርም፣ ዲግሪ ይዞ የሚወጣውን ሁሉ የሚያስተናግድ አንድ በር በየትኛውም ከተማ የለም። ስለዚህ ትምህርቱን አልነቅፍም፤ እንዲያውም ዘግይቶ መጣ ከሚሉት ወገን ነኝ።

የጧፉን ሐሳብ ለቡድኗ ያቀረበችው እርሷ ራሷ ናት። መምህራቸው ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርጎ ከመደበ በኋላ፣ በቅርብ የምታውቁትን ጉድለት ፈልጉና ከጉድለቱ ሥራ አውጡ ይላቸዋል። እርሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው ቦታ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። በሐዋሳ ያደገ ሰው ታኅሣሥ 19ንና ሐምሌ 19ን አይረሳም። የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲደርስ ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ከተሞች ምእመናን ይጎርፋሉ፤ ስእለት የሰመረለት ለምስጋና፣ ያልሰመረለት ለልመና ይመጣል። ከሚመጣውም ሰው በእጁ ጧፍ ያልያዘ ጥቂት ነው። ልጅቷ ይህን ሁሉ ጧፍ ማን እንደሚሠራው ጠይቃ አታውቅም ነበር። መጠየቅ የጀመረችው ትምህርቱ ጠይቂ ስላላት ነው፤ ይህም ለትምህርቱ የሚቆጠርለት መልካም ነገር ነው።

የዕቅዱን የመጀመሪያ ገጾች ሳነብ ደስ አለኝ። ከከተማው ጠጅ ቤቶች ሰፈፍ ይሰበሰባል፤ ሰፈፉ ከውኃ ጋር ይቀቀላል፤ በጨርቅ ይጠልላል፤ ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋው ሰም ይነሣል። ከዚያም የጥጥ ፈትል ተገምዶ በቀለጠው ሰም ውስጥ እየተነከረና እየደረቀ በልክ ይቆረጣል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ሀገሮች በማር ምርት ቀዳሚ እንደሆነች፣ በሰምም ከዓለም ታላላቅ አምራቾች ጋር እንደምትቆጠር ከመማሪያቸው አግኝተው ጽፈዋል። አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ንቦች ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ የሚደርስ ማር እንደሚበሉ የሚነገረውንም በኅዳጉ አስፍራዋለች። ይህን ለዋጋው ውድነት ማስረጃ አድርጋ ነው ያስገባችው። እኔ ግን ሳነበው ሌላ ነገር አሰብሁ፤ ለአንዲት ጧፍ ስንት ክንፍ ስንት አበባ እንደዞረ።

በአምስተኛው ገጽ ላይ ነገሩ ተለወጠ። የቡድኑ አባላት ወጪውን ሲያሰሉ ንጹሕ ሰም ትርፍ እንደማይሰጥ አዩ። ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው ፓራፊን ከሰም በእጅጉ ይረክሳል። ስለዚህ ሦስት እጅ ሰም ከሰባት እጅ ፓራፊን ጋር ይቀላቀላል፤ ሽታው የማር፣ መልኩም የሰም እንዲመስል ሦስቱ እጅ ይበቃል ብለዋል። ስሙ ግን አልተለወጠም። «ንጹሕ የሰም ጧፍ» እንደተባለ ቀርቷል፤ ዋጋውም በስሙ ልክ ተተምኗል። ትርፉ በሰማያዊ ቀለም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ከዚያም «ምቹ ሁኔታዎች» በሚለው ንዑስ ርእስ ሥር አንዲት መስመር አለች፤ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም። «ገዢው የጥራት ምርመራ አያደርግም» ትላለች።

ተማሪዋ ይህን የጻፈው ሌላ የቡድኑ አባል እንደሆነ ነገረችኝ። መጀመሪያ የተቃወመውም ማን እንደሆነ ነገረችኝ፤ ይህን ሳልደብቅ መጻፍ ይገባኛል። ከአምስቱ መካከል የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ያልሆነ አንድ ተማሪ አለ። «የእናንተ እናቶች ይህን ቢያውቁ ምን ይላሉ?» ብሎ የጠየቀው እርሱ ነው። ሌሎቹ ሳቁበት፤ እርሷ ዝም አለች። ከዝምታዋ የተነሣ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ዕቅዱን በክፍል ለማቅረብ አምስት ቀን ቀርቷል፤ ውጤቱም የጋራ ነው።

«መምህር፣ ይህ ኃጢአት ነው ወይስ የንግድ ስልት?» አለችኝ።

የመለስሁላት መልስ ስሕተት ነበር። «እኅቴ፣ ተዪው፤ ሌላ ሐሳብ ፈልጉ። የእግዚአብሔርን ቤት ነገር ለንግድ አታድርጉት» አልኋት። በቤተ መቅደስ የለዋጮችን ገበታ የገለበጠውን ጌታችንንም ጠቀስሁላት (ማቴ. 21፥12-13)። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና ቀስ ብላ፣ «ታዲያ በሩ ላይ የሚሸጠውን ጧፍ ማን ይሥራው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያኔ ያልመለስሁላትን ለመመለስ ነው።

በመካከላችን የቆየ አንድ ልማድ አለ። ንግድን ከጽድቅ የራቀ፣ ቢበዛ በምጽዋት የሚካካስ ሥራ አድርገን እናየዋለን። «ነጋዴ» የሚለውን ቃል በስብከታችን የምንጠራው አብዛኛውን ጊዜ ለተግሣጽ ነው። የእጅ ሥራንም ሀገራችን ለረጅም ዘመን ንቃዋለች፤ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲታረም እስከ ማወጅ ደርሰዋል። የሚገርመው ግን ቤተ ክርስቲያናችን ያለ እነዚህ ባለ እጆች አንድ ቀን አልዋለችም። ብራናውን የፋቀ፣ ቀለሙን የበጠበጠ፣ መጎናጸፊያውን የሸመነ፣ ጽናጽሉን ያነጠረ ሁሉ ባለሙያ ነው።

ወደ ጥንቱ ብንመለስ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይጠልቃል። አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ መታሰቢያውን ሐምሌ 26 ቀን የምናከብርለት፣ በአክሱም ቤተ መንግሥት ሳለ ገና ጵጵስና ሳይሾም ምን እንዳደረገ የአራተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጸሐፊ ሩፊኖስ ይነግረናል። ወደ አክሱም ከሚመጡት የሮም ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያን የሆኑትን እየፈለገ፣ የሚጸልዩበትን ቦታ እንዲያዘጋጁ ያበረታታቸው ነበር። እንግዲህ በሀገራችን የጸሎት ቤት ካዘጋጁት ፊተኞች መካከል ነጋዴዎች አሉበት ማለት ነው። ብዙ ሳይቆይም በንጉሥ ኢዛና ዘመን በአክሱም ሳንቲም ላይ መስቀል ተቀረጸ። መስቀሉ በገበያ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አባቶቻችን አላፈሩበትም። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፍቶ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር እየሠራ ኖሯል (ሐዋ. 18፥1-3)፤ በፊልጵስዩስ ቤቷን ለሐዋርያት የከፈተችው ልድያ ቀይ ሐር ሻጭ ነበረች (ሐዋ. 16፥14-15)። ፍትሐ ነገሥታችን ስለ መሸጥና ስለ መግዛት፣ ስለ ብድርም አንቀጽ ለይቶ የደነገገው የምእመናን ገበያ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ «ተዪው» ማለቴ ስሕተት ነበር። በጌታ ጅራፍ የተባረሩት የቤተ መቅደሱ ነጋዴዎች የሸጡት ነገር ለመሥዋዕት የሚያስፈልግ ነበር፤ ጌታችን የወቀሳቸው የጸሎቱን ቤት የወንበዴዎች ዋሻ ስላደረጉት ነው። ዋሻ ወንበዴው ከዘረፈ በኋላ ተማምኖ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የልጅቷን ዕቅድ ከዚህ አንጻር ሳየው፣ ችግሩ ጧፍ መሸጡ ሳይሆን ያቺ «ገዢው የጥራት ምርመራ አያደርግም» የምትለው መስመር እንደሆነች ገባኝ።

እስቲ ይህችን መስመር እንመርምራት። ምእመኑ በገበያ ሌላ ሰው ነው። ቅቤ ሲገዛ ጣቱን ነክሮ ይቀምሳል፤ በርበሬ ሲገዛ በእጁ አሽቶ ያሸታል፤ ማር ሲገዛ ስኳር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ሦስት ሰው ያማክራል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ግን ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጫማውን ለማውለቅ እየተዘጋጀ፣ ልቡ ወደ ውስጥ ሄዶ ሳለ ነው የሚገዛው። የሚሰጡትን ይቀበላል። አይመረምርም፤ ምክንያቱም እዚያ ቦታ ማንም አያታልለኝም ብሎ ያምናል። ይህን እምነቱን ለእርሱ የሰጠችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ስለዚህ ተማሪዎቹ «ምቹ ሁኔታ» ያሉት ነገር ከገበያ የተገኘ ዕድል አይደለም፤ ከቅዳሴው፣ ከስብከቱ፣ ከእናቶች ጸሎት የተጠራቀመ አደራ ነው። ትርፉ የሚወጣው ከፓራፊኑ ርካሽነት ይመስላል፤ በእውነቱ የሚወጣው ከዚህ አደራ ነው።

በትምህርቱ ተማሪዎች ሐሳባቸውን የሚያሰፍሩበት ቢዝነስ ሞዴል ካንቫስ የሚባል ዘጠኝ ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ አለ። ደንበኛው ማን ነው፣ ምን ይቀርብለታል፣ በምን መንገድ ይደርሰዋል፣ ገንዘቡ ከየት ይገባል፣ በምን ይወጣል፣ እያለ ይጠይቃል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የልማት ክፍል ዕቅድ ብዙ ጊዜ ያየሁ ሰው እንደመሆኔ፣ እኛም ብንማረው እላለሁ። ነገር ግን ከዘጠኙ አንዱም፣ ገዢው የማያየውን ነገር አንተ እያየህ ምን ታደርጋለህ ብሎ አይጠይቅም። ያንን ሳጥን ተማሪው ከቤቱ ይዞት መምጣት አለበት። ከእኛ ቤት ይዛው ትሄድ የነበረች ልጅ በቡድኑ መካከል ዝም አለች። ይህ የማን ጉድለት እንደሆነ ለራሴ ጠይቄ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ያስተማርናት እኛ ነን።

የነቢያቱ ቃል እዚህ ላይ ያለ ምንም ማስፋፊያ ይሠራል። ነቢዩ አሞጽ የሚገሥጻቸው ነጋዴዎች ሰንበቱና መባቻው መቼ ያልፍልን ይሆን እያሉ የሚጠባበቁ፣ መስፈሪያ አሳንሰው ዋጋ የሚያበዙ፣ የስንዴውን ግርድ ጭምር የሚሸጡ ናቸው (አሞ. 8፥4-6)። በዓሉን ያከብራሉ፤ ልባቸው ግን በመስፈሪያው ላይ ነው። ነቢዩ ሚልክያስ ደግሞ በመንጋው መካከል ንጹሕ ተባዕት ሳለው ተስሎ ነውር ያለበትን የሚሠዋውን ይረግማል (ሚል. 1፥14)። በእኛ ጉዳይ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። በሚልክያስ ዘመን አታላዩ የራሱን ስእለት ነው ያጎደለው። ንጹሕ ሰም ብሎ ፓራፊን የሚሸጥ ግን የሌላ ሰው ስእለት ነው የሚያጎድለው። ልጇ ከሕመም የተነሣላት እናት የሰም ጧፍ አበራለሁ ብላ ተስላ፣ ዋጋውን ከፍላ፣ ሳታውቀው ሌላ ነገር ታበራለች። የእርሷ መሥዋዕት በእግዚአብሔር ዘንድ አይጎድልም፤ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ያየ ጌታ (ማር. 12፥41-44) የልቧን ያያል። የጎደለው ዕዳ የሚጻፈው በሻጩ ላይ ነው።

አንድ ነገር እንዳይሳሳት። ፓራፊን ኃጢአት ነው አላልሁም። አብያተ ክርስቲያናቶቻችን የኤሌክትሪክ መብራት ያበራሉ፤ ከፋብሪካ የመጣ ሻማም በየመቅረዙ አለ። በኦሪት ለመብራቱ ጥሩ ተወቅጦ የተጠለለ የወይራ ዘይት መታዘዙ (ዘፀ. 27፥20) ለእግዚአብሔር ከሚቀርበው ንጹሑ እንዲመረጥ ያስተምረናል፤ ድሀው ያለውን ይዞ እንዳይቀርብ ግን አይከለክለውም። ፓራፊኑን ፓራፊን ብሎ የሸጠ ማንንም አልበደለም። ጥያቄው ስለ ሰሙ ብቻ አይደለም፤ ስለ ስሙ ነው።

በሌላ በኩል፣ ሰሙም ንጹሕ ስሙም እውነት ሆኖ ሳለ አንድ ሥጋት ይቀርብኛል፤ ልሸሽገው አልፈልግም። በኤፌሶን የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል ከብር እየሠራ የሚሸጥ ድሜጥሮስ የተባለ ሰው ነበር። ወንጌል ሲሰበክ ከተማውን ያስነሣው ለጣዖቷ ክብር ተቆርቁሮ ይመስል ነበር፤ ለባልንጀሮቹ የተናገረው ግን በቅድሚያ ስለ ትርፋቸው ነው (ሐዋ. 19፥23-27)። ከአምልኮ ዙሪያ የሚኖር ንግድ ሁሉ ይህ ፈተና አለበት። ስእለት ሲበዛ የሚደሰት፣ የስእለቱ ምክንያት የሆነው ሕመምና ስደት ግን የማይሰማው ነጋዴ እንዳይሆኑ ልጆቻችንን ልናስጠነቅቅ ይገባል። በእነርሱ ብቻ አንፍረድ እንጂ። ለእግዚአብሔር ቤት የገባ ጧፍ ሳይበራ ተመልሶ በር ላይ እንደሚሸጥ የሚያማርር ምእመን ሰምታችሁ አታውቁም? ከራሳችን ግቢ የሚጀምር ንስሐ አለ።

አሁን ወደ ተማሪዋ ልመለስ። በሚቀጥለው ቀን ጠርቻት ስሕተቴን ነገርኋትና የዕቅዱን አምስተኛ ገጽ አብረን አየን። «ሐሳቡን አትተዪው፤ ስሙን አስተካክዪው» አልኋት። ወደ ቡድኗ ተመልሳ፣ ሁለት ዓይነት ጧፍ እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበች፤ አንዱ ንጹሕ ሰም በእውነተኛ ዋጋው፣ ሌላው ድብልቅ፣ ድብልቅ መሆኑ በማሸጊያው ላይ በግልጽ ተጽፎ በርካሽ ዋጋ። ያቺ መስመርም እንድትሰረዝ ጠየቀች። ክርክሩ ሁለት ምሽት ወሰደ። ያ አስቀድሞ የተቃወመው ልጅ ከእርሷ ጋር ቆመ፤ ሌላ አንዲት ልጅም ተጨመረች። ሦስት ለሁለት ሆነና ገጹ ተለወጠ። በሰማያዊ ተሰምሮበት የነበረው ትርፍ ግን አነሰ፤ ከግማሽ በታች ሆነ።

በክፍል ሲያቀርቡ መምህሩ ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው። «አጠገባችሁ ያለው ሻጭ ድብልቁን ንጹሕ ሰም ነው ብሎ ከእናንተ በታች ቢሸጥ፣ የእናንተን ማን ይገዛል?» አላቸው። መመለስ አልቻሉም። ውጤታቸው መካከለኛ ሆነ። አንዳንዶቻችሁ በመምህሩ ትቆጡ ይሆናል፤ እኔ ግን ጥያቄው ትክክል ነው እላለሁ። የሞላው የእውነተኛ ገበያ ጥያቄ ነው። መልሱም ከተማሪዎቹ የሚጠበቅ አልነበረም። መልሱ ያለው በእኛ ዘንድ ነው።

የዚህ ጧፍ ገዢ ማን ነው? የሰበካ ጉባኤው የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሱቅ ነው፤ ለወርኃዊ በዓል የሚያዋጣው የጽዋ ማኅበር ነው፤ እኔና እናንተ ነን። ለዓመታት የገዛነው በምን መለኪያ ነው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በዋጋ ብቻ ነው። በጨረታም ሆነ በቃል ስንስማማ ዝቅተኛውን ዋጋ ያመጣ ያሸንፋል፤ ምን እንደተቀላቀለበት የጠየቀ የኮሚቴ አባል እኔ አላየሁም፤ ራሴም ጠይቄ አላውቅም። ታማኙ ሠሪ በእኛ በር ከስሮ ይመለሳል፤ ቀጥሎ ሲመጣ ወይ ይቀላቅላል፣ ወይ ሥራውን ይተዋል። ከዚያም እሑድ መድረክ ላይ ቆመን ስለ ሐሰተኛ ሚዛን እናስተምራለን (ምሳ. 11፥1)። በዚህ አኳኋን ስብከታችን ለወጣቱ ሸክም ነው፤ እኛ ልንከፍለው ያልወደድነውን የታማኝነት ዋጋ እርሱ ከትርፉና ከውጤቱ እንዲከፍል እናዘዋለን።

የምጠይቀው ነገር ከባድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሱቅ የሚሸጥ ጧፍ ሁሉ ከምን እንደተሠራ ይጻፍበት፤ ንጹሑ ንጹሕ፣ ድብልቁ ድብልቅ ተብሎ ለየብቻው ይደርደር። የሚያቀርበውም ሰው ይህን በፊርማው ያረጋግጥ። ማጣራቱም የሚያስቸግር አይደለም። ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ነው። ክብደቱም ከፓራፊን ይበልጣል፤ አልኮልና ውኃ በልክ ቢቀላቀሉ ንጹሑ ሰም ሰምጦ ፓራፊን የበዛበት የሚንሳፈፍበት ነጥብ ይገኛል። በግቢ ጉባኤያችን ኬሚስትሪ የሚያጠኑ ስንት ልጆች አሉ! በጉባኤ ላይ መዝሙር ብቻ እንዲያቀርቡ ከምንጠይቃቸው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከታኅሣሥና ከሐምሌ በዓላት በፊት፣ ከየሱቃችን ናሙና ወስደው ቢፈትሹልን አገልግሎት አይደለምን?

አንድ ወንድም ይህን ሐሳብ ስነግረው፣ «በበሩ ላይ ጧፍ ዘርግተው የሚሸጡት ድሆች እናቶች ናቸው፤ ልታሳድዳቸው ነው ወይ?» አለኝ። ተገቢ ሥጋት ነው። እነርሱ ከአከፋፋይ የገዙትን ነው የሚሸጡት፤ ስለ ቅልቅሉ ከገዢው የተሻለ አያውቁም። የእነርሱን ጉሊት ማፍረስ ቀላል ነው፤ ጽድቅ ግን አይደለም። ይልቁንም ቤተ ክርስቲያኒቱ እውነተኛውን ጧፍ በብዛት አስመጥታ ለእነርሱ ብታከፋፍል፣ እነርሱም ይጠቀማሉ፣ ምእመኑም የሚገዛውን ያውቃል። ንጹሕ ሰም የሚወደድበት ምእመን አጭር ጧፍ ይግዛ፤ ወይም ድብልቁን ድብልቅ መሆኑን እያወቀ ያብራ። እግዚአብሔር የጧፉን ርዝመት አይለካም።

ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ቡድኑ ተበተነ። ተማሪዋና ያ የተቃወመው ልጅ ግን ከአንድ ጠጅ ቤት ሰፈፍ ለምነው፣ በእናቷ ጓሮ በጉልቻ ላይ ቀቅለው፣ እጃቸው እየተቃጠለ አርባ ጧፍ ሠሩ። አንዳንዱ ጠማማ ነው፤ አንዳንዱ ፈትሉ በዝቶበት ይጤሳል። ለሐምሌ 19 ሁለት ሳምንት ሲቀረው በካርቶን ይዘውት ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ጽሕፈት ቤት መጡ። በካርቶኑ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ሰም ብቻ» ተብሎ ነበር። ሲከፈት ክፍሉን የማር ሽታ ሞላው። የልማት ክፍላችን ሰብሳቢ አንዱን አንሥቶ አሸተተ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየ፤ «እንዲህ ያለ ጧፍ ካየሁ ስንት ዘመኔ!» አለ።

ከዚያም ዋጋውን ጠየቀ። ልጅቷ ነገረችው።

«ትንሽ አይቀንስም?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም በነገርኋችሁ ሁሉ መካከል ይህን ሳልጨምር ብቀር ሐሰት ይሆንብኛል፤ ለአፍታ ያህል፣ የሱቃችንን ሒሳብ እያሰብሁ፣ እንዲቀንሱልን ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር። አርባውንም በተባለው ዋጋ ገዛናቸው። ለታኅሣሥ 19 ሁለት መቶ አዝዘናል፤ ገንዘቡን ገና አላሟላንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።